የዘመመው ግንበኛ

መጀመሪያ ዘመመ ያልሁት ግንቡን ነው። እንጅባራ ላይ ለአዲሱ ትምህርት ቤት ድንጋይ በምንክብበት ዓመት፣ ዓይኔ «ዘሟል» ይለኛል፤ ቱንቢውን ስጥል ደግሞ ክሩ ከግድግዳው ጋር ልክ ይወርዳል። ቱንቢ ግንበኛ የግድግዳን ቀጥታ የሚለካበት፣ በክር የሚንጠለጠል ብረት ነው። ዘመኔን ሁሉ ያልዋሸኝን ብረት ተጠራጠርሁ። አብሮኝ የሚገነባው ደሴ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየኝና ሳቀ።

«ግንቡ ደህና ነው፤ የዘመምኸው አንተ ነህ» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ። ቤት ገብቼ ባለቤቴ ይታይሽ ጋቢዬን ስታለብሰኝ፣ ግራ ትከሻዬ ከቀኙ ዝቅ ማለቱን አይታ ጋቢውን ደጋግማ ስታስተካክል ግን ሳቁ ጠፋኝ።

ከዚያ ወገቤ ይቃጠል ጀመር። ሳስነጥስ ሕመሙ ከዳሌዬ ተነሥቶ በጭኔ ጀርባ እስከ ተረከዜ ይወርዳል። በደብራችን ወገቡ ጎብጦ ጎብጦ በመጨረሻ እግሩ የከዳው አንድ ሰው ነበር፤ ወንድሞቹ በቃሬዛ አምጥተው ከዋርካው ሥር ያስቀምጡታል። ድሮ አጠገቡ ቁጭ ብዬ አጫውተው ነበር። አሁን በሌላ በር መግባት ጀመርሁ። ይታይሽ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛለች፤ እግር የሌለው ግንበኛ ምን ይበላል፣ ምንስ ያበላል እያልሁ ስሰጋ እውላለሁ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስሕተት ከግንበኛ በቀር ማንም አይሠራውም። ያዘመመ ግድግዳ ሲገጥመኝ በእንጨት ደግፌ፣ በጠፍር ስቤ አቃናዋለሁ። ራሴንም እንዲሁ አደረግሁ። ከቤታችን ምሰሶ ጋር ደረቴንና ትከሻዬን በጠፍር አስጠፍሬ፣ ቱንቢዬን ከአጠገቤ ሰቅዬ፣ ክሩ በጆሮዬ፣ በትከሻዬና በዳሌዬ በኩል ልክ ማለፉን ይታይሽ እንድታይልኝ አቆማታለሁ።

«ሰው እንደ በቅሎ ራሱን ያስራል?» ትለኛለች። ግን እያለቀሰች ታጠብቅልኝ ነበር።

አንድ ረፋድ ጠፍሩን ፈታችልኝ። ግራ እግሬ አልተከተለኝም። ወደቅሁ። አላመመኝም። ያስፈራኝም አለማመሙ ነው። ይታይሽ የእግሬን አውራ ጣት በጥፍሯ ቆነጠጠችው።

«ይሰማሃል?»

አልተሰማኝም። «ይሰማኛል» አልኋት።

በጭነት መኪና ዳንግላ አደረሱኝ። የክሊኒኩ ጤና ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ አከርካሪዬን በጣቱ እየተጫነ ወረደና ፊቱ ተለወጠ። «የአከርካሪ ነቀርሳ፣ ቲቢ፣ እንዳይሆን ፈርቻለሁ። ራጅ መነሣት አለብህ» አለ። ራጅ ወዳለበት ሆስፒታል ላኩኝ። መንገዱን ሁሉ ጣቶቼን ለማንቀሳቀስ እሞክራለሁ። እንቢ ይላሉ። ውጤቱን ስጠብቅ ከጎኔ ያለው በሽተኛ ያወራኛል፤ የምሰማው የራሴን ልብ ነው። ፈራሁ። ሌላ ቃል የለውም፤ ፈራሁ።

ፈረንጁ ሐኪም ዳሌዬንና እግሬን ዳሰሰ፤ ራጁንም ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዞ በአስተርጓሚ ነገረኝ። «ነቀርሳ አይደለም። አጥንትህም አልተሰበረም። ጡንቻን የሚሸፍን ፋሺያ የሚባል ነገር አለ። ያንተ ከዳሌህ እስከ እግርህ ተጨማድዶ ደርቋል፤ ነርቭህንም ተጭኖታል። ራሴን በጠፍር አሰርሁ ያልኸኝ ደግሞ አባብሶብሃል።»

ፋሺያውን ያወቅሁት አስተርጓሚው ሲያስረዳኝ ነው፤ በግ ሲገፈፍ ከቆዳውና ከሥጋው መካከል የሚታየው ነጭ ስስ ገለፈት ነው። ሐኪሙ ቀጠለ። «በእጁ በቀስታ የሚያፍታታ ሰው ፈልግ። አከርካሪህን ማንም እንዳይመታ፣ እንዳይጠመዝዝ። ድንዛዜው ከጨመረ ወይም ሽንትህ እንቢ ካለ ግን በዚያው ቀን ተመለስ።»

በእጅ የሚያፍታታ ማለት ወጌሻ ነው። እኔ ደግሞ ወጌሻ እፈራለሁ። የአጎቴ ልጅ ክንዱን አጥብቀው አስረውበት ጠቁሮ ተቆርጧል። ቤት ስደርስ ይታይሽ ሳትጠይቀኝ ወደ ዘንገና ልካ አያ ፈንታን አስጠርታለች። አያ ፈንታ በአገሩ የታወቁት በፈረስ ነው፤ ያነከሰ ፈረስ ሁሉ ወደ እሳቸው ይነዳል።

«ደግሞ ለፈረስ ወጌሻ ሰጠሽኝ?» አልኋት።

«በቅሎ ነህ ብዬ ነው የጠራኋቸው» አለች።

አያ ፈንታ ወገቤን አልነኩም። ደሴና ይታይሽ በግራ በቀኝ ደግፈውኝ በባዶ እግሬ በረጠበው የደጃችን ጭቃ ላይ እንድራመድ አደረጉና፣ ጎንበስ ብለው ዱካዬን አዩ። የቀኜ ሙሉ ነው። የግራዬ የውጭ ጠርዙ ብቻ ነው የታተመው።

«ይኸ እግር ምን አግኝቶት ነበር?»

ያን ጊዜ ትዝ አለኝ። ከዓመት በፊት መወጣጫው ተንሸራትቶብኝ ስዘል በግራ እግሬ ነው ያረፍሁት። ቁርጭምጭሚቴ አብጦ ነበር፤ በጨርቅ ጠምጥሜ ሥራዬን ቀጠልሁ፤ እብጠቱ ሲቀንስልኝ ረሳሁት።

«ፈረስ ወገቡን ሲያመው ኮርቻውን አይቼ አልተውም፣ ኮቴውንም አያለሁ» አሉ። ደሴ አንገቱን ደፋ፤ እኔም ደፋሁ። ግድግዳ ሲያዘምም መሠረቱን ፈትሽ የሚለውን ለተለማማጅ ግንበኞች የምናስተምር እኛ ነን።

ለጋ ቅቤ ቀብተው አውራ ጣታቸውን ከተረከዜ ሥር አሳረፉ። ተንፈራገጥሁ።

«አያ ፈንታ፣ ይተዉኝ። እግሬን እንዳያስቀሩብኝ» አልኋቸው።

«አትታገለኝ። እኔ አልቸኩልም፤ አንተ ተንፍስ» አሉ። ሐኪሙ ያዘዘውን ይታይሽ ስትነግራቸው «ልክ ብሏል፤ አጥንት አልነካም» አሉና ቀጠሉ። ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ይጠብቃል። ከሥሩ የደረቀው ነገር ለቀቅ ሲል ብቻ ወደ ላይ ይሄዳል። በመጡ ቁጥር ፈራኋቸው። በሄዱ ቁጥር ይታይሽ ቆነጠጠችኝ፤ እኔም ዋሸኋት።

አንድ ጠዋት ሳልዘጋጅ ቆነጠጠችኝና ጮኽሁ። ቁጣ የመሰለ ጩኸት ነበር። ይታይሽ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ከመደቡ ሥር ቁጭ አለች።

«እስካሁን አይሰማህም ነበር» አለች። ለካ ታውቅ ኖሯል፤ ውሸቴን ይዛ ብቻዋን ስትፈራ ከርማለች።

ከዚያ ወዲያ አያ ፈንታ ከቁርጭምጭሚቴ ወደ ባቴ፣ ከባቴ ወደ ጭኔና ዳሌዬ፣ ከዳሌዬም ወደ ጎድኔ ቀስ እያሉ ወጡ፤ የዝናቡ ጊዜ አልፎ የፈረሶቹ መንገድ እስኪደርቅ ድረስም በዱላ፣ ቀጥሎም በይታይሽ ትከሻ፣ በመጨረሻም በራሴ እግር ደጃችንን መዞር ቻልሁ። መቆምን እንደገና ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደረቴን ነፍቼ ትከሻዬን ወደ ኋላ ስስብ «ተው፣ ራስህን አትሸከም፤ ክብደትህን ለምድር ስጣት፣ እሷ ትችለዋለች» ይሉኛል፤ ያን ጊዜ ክብደቴ ከሁለቱም እግሮቼ መሐል ሲያርፍ፣ ማንም ሳይስበው ጀርባዬ ብቻውን ከፍ ሲል ይታወቀኝ ነበር። ልጃችን ስትወለድ ቆሜ ተቀበልኋት። ቱንቢ ቢጣልብኝ ዛሬም ጥቂት እዘማለሁ፤ አልለካም እንጂ።

ይህን የምጽፈው ወገቡ ለከዳው፣ እግሩ ለደነዘዘበት ነው። መጀመሪያ ሐኪም ይይህ፤ ነቀርሳ ቢሆን ኖሮ የአያ ፈንታ ጣት አያድነኝም ነበር። ወጌሻ ስትፈልግ የማይቸኩለውን ፈልግ፤ ቀጭ አድርጌ ላቃናህ ከሚልህ ሽሽ። ራስህን በግድ አታቃና። ከሁሉ በላይ፣ የማይሰማህን ይሰማኛል አትበል፤ የሚወድህ ሰው ያውቅብሃል፣ ለብቻውም ይፈራል። ሐኪሙን እግዚአብሔር ይስጠው። አያ ፈንታ አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ይታይሽን ግን ማመስገን አላውቅበትም። ልጃችን አድጋ ትምህርት ቤት ገብታለች፤ እናቷ ዛሬም ጠዋት ከመነሣታችን በፊት እጇን ወደ እግሬ ትሰዳለች። ትናንትም ቆነጠጠችኝ።

«ይሰማሃል?» አለችኝ።

«ይሰማኛል» አልኋት። እውነቴን ነበር።