ሁለቴ የምትጠይቀው ዘቢብ

ሲስተር ዘቢብ እያንዳንዱን ታካሚ ሁለቴ ነው የምትጠይቀው። መቐለ ውስጥ ሁለት የሕመም ማስታገሻዎችን በሚያነጻጽር ጥናት ላይ የታካሚዎችን ሕመም ከዜሮ እስከ አሥር በቁጥር ትመዘግባለች። በመጀመሪያው ሳምንት የጠየቀችው ሁሉ «ተመስገን» ስላላት ቅጹን በዜሮ ሞላችው። የጥናቱ ሐኪም አይቶ፣ «መድኃኒቶቹ ተአምር ሠሩ ወይስ አንቺ ተኝተሻል?» አላት።

እልኸኛ ናትና ነደዳት።

በማግስቱ ሆዳቸውን ኦፕራሲዮን የሆኑትን አቦይ ገብረጻድቅን ጠየቀች። ሽማግሌው ላብ አጥምቋቸው፣ አንሶላውን ጨምድደው ይዘው፣ «ተመስገን፣ ጓለይ» አሏት።

እስክሪብቶዋን ወደ ኪሷ መለሰች። «አቦይ፣ ይሄማ ለእግዚአብሔር ነው። ለእኔስ?»

ሽማግሌው ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ኮርኒሱ ቀና አሉ።

«ላንቺማ ስምንት ነው» አሉ በሹክሹክታ።