የጎረቤቴን ሳቅ የሸጥን ጊዜ

«ጃፓን ውስጥ አጥሚት አለ እንዴ?» ብለው ኢንተርኔት ላይ ሰደቡኝ። አንድ ሁለት ሰው ቢሆን እተወው ነበር። እነሱ ግን አንዱ ሲደክመው ሌላው እየተቀበለ ሳምንት ሙሉ ሰደቡኝ። ጥፋቴ ምን መሰላችሁ? ለታመመች ልጅ ከሩዝ የተሠራ ቀጭን ትኩስ ነገር በሳህን ሲቀርብላት፣ «አጥሚት አመጡላት» ብዬ መተርጎሜ ነው። ታዲያ ምን ልበል? ለበሽተኛ የሚቀርብ ቀጭን ትኩስ ነገር አጥሚት ካልሆነ ምንድን ነው? ያን ሰሞን ከዚህ የሚበልጥ በደል በዓለም ላይ ያለ አልመሰለኝም ነበር። በኋላ የመጣውን ካየሁ ወዲህ፣ በአጥሚት መናደዴ ራሱ ያሳፍረኛል።

መቐለ ውስጥ በአንድ የግል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የወሎ ልጅ ነኝ። አባቴ ጨርቅ ሊነግድ መቐለ ሲገባ እኔ የወተት ጥርሴን እንኳ አልነቀልኩም። ሥራ ስይዝ ዓይደር፣ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ግድግዳ የምንጋራው ጎረቤቴ ልብስ ስፌት ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ስድስቱን ቀን በጠዋቱ የሠራተኛ ሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ ደክማ ትገባለች። ያላት እሁድ ብቻ ነው።

የአጎቴ ልጅ ደግሞ ከታክሲ ማቆሚያው አጠገብ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልም የሚጭን ሱቅ ነበረው። አንድ ቀን አንድ የጃፓን ጨዋታ ላፕቶፔ ላይ ጫነልኝ። ጨዋታ ይበሉት እንጂ መጽሐፍ ነው። ሥዕል ይመጣል፣ ከሥሩ ጽሑፍ ይመጣል፣ አንብበህ ስትጫነው ደግሞ ሌላ ይመጣል። ታሪኩ አንዳንድ ቦታ ላይ ቆም ይልና ይጠይቅሃል፤ ልጅቷ ትሂድ ወይስ ትቅር? በመረጥከው ይቀጥላል። አንዱ ከጃፓንኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶታል፤ ከእንግሊዝኛ ወደ እኛ የመለሰው ግን የለም። የአጎቴ ልጅ «እታለም፣ ይሄን አንቺ ነሽ የምትተረጉሚው» ሲለኝ ደስ አለኝ። መወደስ የማይወድ ማን አለ!

ታሪኩ ዓሣ በቆርቆሮ በሚታሸግበት ፋብሪካ ስለምትሠራ ልጅ ነው። የጓደኛዋን ጣት ማሽን ይቆርጠዋል። አለቃው ማሽኑ ብልሽት እንደነበረው እያወቀ «ልጅቷ ተዘናግታ ነው» ብላችሁ ፈርሙ ይላቸዋል። ልጅቷ ትፈርም ይሆን? ታሪኩ በሙሉ የሚሄደው ወደዚያ ነው።

አንድ እሁድ ጮክ ብዬ ስተረጉም፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ስታጥብ የነበረችው ጎረቤቴ እጇ አረፋ እንደሆነ የክፍሌ በር ላይ መጥታ ቆመች። «ከዚያስ?» አለች። ከዚያማ እሁድ እሁድ የሁለታችን ሆነ። እሷ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ትቀመጣለች፣ እኔ አነባለሁ። ትግርኛዬ ለገበያ ይበቃል እንጂ ለታሪክ አይበቃም፤ ስለዚህ በአማርኛ ነው የምተረጉመው። እሷ አማርኛውን ከቴሌቪዥን ድራማ ለቅማዋለች። ቃል ሲጠፋኝ ትግርኛውን ታቀብለኛለች፣ ተቀብዬ እቀጥላለሁ። አንድ ሕግ ነበረን፤ ማንበብ የእኔ፣ መምረጥ የእሷ። እሷ ደግሞ ሁልጊዜ ደፋሩን ነው የምትመርጠው። «ትናገር እንጂ! ምን እንዳትሆን!» ትልና ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብላ ልጅቷን ታበረታታታለች፤ «ኣጆኺ ጓለይ!» በርቺ ልጄ ማለቷ ነው። ሳቋ ደግሞ ግድግዳውን አልፎ የግቢው ባለቤት ጋ ይደርሳል። ባለቤቲቱ «ምን አግኝታችሁ ነው?» ብለው ከጓዳ ይጮሁብናል።

የአጎቴ ልጅ «በስልክ ቅጂልኝ፣ ጽሑፉን ከድምፅሽ እገለብጣለሁ» አለኝ። ስልኩን ከላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጎረቤቴ አየችውና «ሓፍተይ፣ ይሄ ምን ይሠራል?» አለችኝ፤ እህቴ ስትል ነው።

«ለትርጉሙ ነው» አልኳት። ውሸት አልነበረም። እውነትም አልነበረም።

ምክንያቱም በሁለተኛው ሳምንት ነገሩን ደርሼበታለሁ። የሱቁ ጌታ ምንም አልገለበጠም። ቅጂውን እንዳለ፣ ከነሳቋ፣ ከነ«ኣጆኺ»ዋ፣ ከጨዋታው ሥዕሎች ጋር አቀናብሮ ኢንተርኔት ላይ የራሱ ቻናል ውስጥ ለቆታል። ልቆጣው ሱቁ ድረስ ሄድኩ። የተመልካቹን ብዛት አሳየኝ፣ አስተያየቱን አሳየኝ። «አስተማሪዋ ግን ትችላለች» የሚል አየሁ። ቁጣዬ እዚያው ቀለጠ። እነግራታለሁ እያልኩ ለጎረቤቴ አልነገርኳትም። እሷ የያዘችው በባትሪዋ ብቻ የምትወደስ ትንሽ ስልክ ነው፣ ከየት ታየዋለች ብዬ።

እኔማ አስተያየት መመለስ ሥራዬ ሆነ። በየእረፍቱ ደወል መምህራን ክፍል ገብቼ ከማላውቀው ሰው ጋር እጣላለሁ። አንዱ የጃፓኖቹን የአክብሮት መጠሪያ ለምን ዘለልሽው ይለኛል። ሌላው «አማርኛ ነው ትግርኛ? አንዱን ምረጡ!» ይላል። ሦስተኛው መቐለ ቁጭ ብላችሁ በአማርኛ ምን አስነበባችሁ ብሎ ይቆጣል። አንዱ ነው ከሁሉም የያዘኝ፤ «ኦሪጅናሉን ገዝታችሁታል ወይስ ሰርቃችሁ ነው?» እስኪ መቐለ ውስጥ ውጭ አገር የሚከፈልበት ካርድ ያለው ሰው አሳየኝ ብዬ መለስኩለት። መልሴ ግን ለራሴም አልጣመኝም። ማዶ ዓመታት ተቀምጦ ያን ሁሉ ሥዕል የሣለ ሰው ቤሳ አልደረሰውም። የአጎቴ ልጅ ግን ቻናሉ ላይ ማስታወቂያ ገብቶለታል፣ አዲስ ጫማ ገዝቷል።

ስለ እሷም ይጽፉ ነበር። «ያቺን ልጅ ዝም አስብሏት፣ ታሪኩን ትረብሻለች» ይላሉ ግማሾቹ። ግማሾቹ ደግሞ «ታሪኩ ይቅር፣ እሷን ብቻ አሰሙን» ይላሉ። እንደ ዕቃ ነበር የሚማረጧት። እኔስ? እኔ ለአጥሚቱ ስከራከር ለእሷ አንድ መስመር አልጻፍኩም።

ጣጣው የመጣው የዓሣ ፋብሪካው አለቃ በገባበት ክፍል ነው። ጎረቤቴ ሥዕሉን ስታይ ከአልጋው ላይ ተነሣች። «ዋይ ኣነ! ይሄማ የእኛ የመስመር አለቃ ነው!» ብላ፣ ሰውየው ሽንት ቤት በር ላይ ሰዓቱን ይዞ እንዴት እንደሚቆም፣ እንዴት እንደሚስል፣ እንዴት «ሦስት ደቂቃ አለፈሽ፣ እመቤት!» እንደሚል አስመስላ አሳየችኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። ስልኩ አጠገባችን ነበር።

የአጎቴ ልጅ ያቺን ማስመሰሏን ብቻ ቆርጦ አወጣት። ከስልክ ስልክ ተቀባበሏት። አንድ ሰኞ ማታ ጎረቤቴ ከሥራ መጥታ፣ ነጠላዋን ሳታወርድ በሬ ላይ ቆመች።

«ሓፍተይ» አለችኝ፣ «ድምፄ ሰርቪስ ውስጥ ነበር።»

ሰርቪሱ ውስጥ አንዷ ስልኳን ከፍታ፣ ሁሉም እየሳቀ፣ እሷ መሃላቸው ተቀምጣ የራሷን ድምፅ ሰምታለች። መጀመሪያ እሷም ሳቀች። ከዚያ ከፊት ወንበር አለቃው ዞር ብሎ አያት። በሳምንቱ ቢሮ ጠርተው እንደገና አሰሟት፣ «ይሄ አንቺ ነሽ?» አሏት። «እወ» አለች። መዋሸት አታውቅበትም። ውሏ ሊታደስ ቀናት ነበር የቀረው፤ ሳይታደስ ቀረ።

ሱቁ የደረስኩት እየሮጥኩ ነው። «አጥፋው!» አልኩት ገና ከበሩ።

«እታለም፣ ተረጋጊ እስኪ። ስሟን አልጠራሁም እኮ።»

«ሳቋን የማያውቅ ሰው የት አለ?»

«ባጠፋውስ? በየሰዉ ስልክ ገብቷል። ደሞ ሰው የሚመጣው በእሱ ነው፤ እሱ ከጠፋ ቻናሉ ሞተ ማለት ነው።»

የሥጋ ዘመዴ ነው፣ ከአንድ ትሪ በልተን ነው ያደግነው። በጥፊ ልለው እጄ ተነሥቶ ነበር። በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ አይደል? እሱ ግን ውል አቀረበልኝ። የቀረው የመጨረሻው ክፍል ብቻ ነው። ልጅቷ ስብሰባ ላይ ትቆማለች፣ ምርጫው ይመጣል፤ «ተናገሪ» ወይም «ዝም በይ»። ተመልካቹን ድምፅ አሰጣለሁ፣ አንቺ አንብቢልኝ፣ ያን ቀን ቁራጩን አጠፋዋለሁ አለኝ። አመንኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ መምረጥ የእሷ የሚለውን ሕጋችንን ሸጬ መጣሁ።

ሰዉ ድምፅ ሰጠ። «ተናገሪ» አሉ፣ ሁሉም ለማለት ይቻላል። እኔም ብቻዬን ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ አነበብኩ። ልጅቷ ተናገረች፣ ሠራተኛው አንድ ባንድ ተነሥቶ አጠገቧ ቆመ፣ አለቃው አንገቱን ደፋ። ከሥሩ የተጻፈውን ብታዩ! «ጀግና!»፣ «አለቀስኩ»፣ «እንደዚህ ነው እንጂ ሴት!» ደሜ ፈላ። ያው እነሱ ናቸው እኮ! ትናንት በጎረቤቴ የተሳሳቁት፣ ቁራጯን ለጓደኛቸው የላኩት እነሱ ናቸው። ለሥዕል ያለቅሳሉ። ሥዕል ኪራይ አትከፍል!

ቁራጩም አልጠፋም። «አሁን እኮ ነው ሰዉ የበዛው» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ። ጭራሽ «ኣጆኺ ጓለይ!» የሚል የሚለጠፍ ጽሑፍ በቢጫ ፊደል አሳትሞ፣ ለባጃጅ ነጂዎች መሸጥ ጀምሯል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሱቁን ረግጬ አላውቅም። ምን ዋጋ አለው፣ ከረፈደ ነው።

ጎረቤቴ ክፍሏን ለቃ ውቕሮ አክስቷ ጋ ልትሄድ የተነሣችው በእሁድ ነው። ዕቃዋን አስራ ስትጨርስ መጣችና እንደ ድሮው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«መጨረሻው ምን ሆነ?» አለችኝ።

ያኔ ሁሉንም ነገርኳት። ስልኩ ምን ይሠራ እንደነበር፣ ማን እንደለቀቀው፣ እኔ ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ። ቢያንስ እንድትሰድበኝ ፈልጌ ነበር።

«ማን መረጠ?» አለች።

«ሰው።»

«የትኛው ሰው?»

«የማናውቀው ሰው። ተናገሪ አሉ።»

«እነሱማ ምን አለባቸው» አለች። ከዚያ «ክፈቺው እስኪ» አለችኝ።

ከምርጫው ላይ ከፈትኩላት። ላፕቶፑን ወደ ራሷ ሳበችና፣ ከዚያ በፊት አንድም ቀን መርጣው የማታውቀውን ዓይነት፣ «ዝም በይ»ን ራሷ ተጫነችው። እኔም አይቼው አላውቅም ነበር፤ አነበብኩላት። አጭር ነው። ልጅቷ አንገቷን ደፍታ ትፈርማለች። ሽርጧን ታስራለች። ደወል ይደወላል፣ ማሽኑ ይነሣል። ስክሪኑ ይጨልማል።

«አለቀ?»

«አለቀ።»

«ይሄኛውን ማንም አላየውም?»

«ማንም።»

«ጽቡቕ» አለች። ጥሩ ነው ማለቷ ነው። ከዚያ የጨለመውን ስክሪን በመዳፏ ነካ አድርጋ፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ «ኣጆኺ» አለችና ተነሣች። አልሳቀችም።

ወደ መናኸሪያ የሚወስዳትን ባጃጅ የጠራሁት እኔ ነኝ። ፍራሿን ልንጭን ዞር ስንል ኋላው ላይ «ኣጆኺ ጓለይ!» በቢጫ ፊደል ተለጥፎ አየነው። ነጂው ፍራሹን እያሰረ «ታምራለች አይደል?» አለን በኩራት፣ «ከዚያ ፊልም ቤት ገዝቻት ነው።»

«የማን ቃል ናት?» አለችው።

«እኔ እንጃ። ኢንተርኔት ላይ የምታስቅ አንዲት ልጅ አለች አሉ።»

ጎረቤቴ አየችኝ፣ አየኋት። እናገር ይሆን ብዬ አፌን ስከፍት በዓይኗ ከለከለችኝ። ዋጋውን ጠየቀችው። ለፍራሹም ለብቻው አስቦ ጠራላት። እኔ ልክፈል ብል እጄን መለሰችው፣ ከነጠላዋ ጫፍ ፈታ የጠራውን ሰጠችው። ይቀንስላት ዘንድ አልጠየቀችውም፤ እሱም አንድ ብር አልቀነሰላትም።