ቃለ ጉባኤ ላይ የገባው ምርቃት

የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም። ፊደል የለየሁት በጭነት መኪኖች በር ላይ የተጻፈውን እያነበብኩ ነው። ዛሬ ግን በቡልቡላ ዙሪያ የመንግሥት ወረቀት እንደኔ አንብቦ የሚጨርስ ሰው አላውቅም።

አንድ ባለሀብት ከመንደራችን በላይ የአትክልት እርሻ ሊያቋቁም መጣ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት እርሻው በአካባቢው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት መጠናት፣ ነዋሪውም መጠየቅ አለበት፤ ደንቡ ነው። ስለዚህ ቀበሌው ግራር ሥር ሰበሰበን። የወረዳው ባለሙያ ስለ ጥናቱና ስለ ሥራ ዕድል አወራ። ሰነዱ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ ማንም አልገለጠውም። መጨረሻ ላይ እንደ ልማዳችን የሚመርቅ ሽማግሌ ተፈለገ። ከእኔ በቀር ማን ይነሣል? በኦሮምኛም በአማርኛም መረቅሁ። እንዲያ ያለ ምርቃት በዚያ ቀበሌ ተሰምቶ አያውቅም።

ከሳምንት በኋላ ቀበሌ ሄጄ ሰነዱን አነበብኩ። ከእርሻው ፀረ ተባይ ይዞ የሚወጣውን ውሃ የሚወስደው ቦይ በጎረቤቴ ጉድጓድ አጠገብ ያልፋል፤ ጉድጓዱ ግን ካርታው ላይ የለም። ጎረቤቴ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጆቿም ላሞቿም የሚጠጡት ከዚያ ነው። የተያያዘው ቃለ ጉባኤ ደግሞ «የአገር ሽማግሌ መርቀው ተቀብለዋል» ይላል። ሽማግሌው እኔ ነኝ።

ሄጄ ነገርኳት።

«ጋሼ፣ ያን ሁሉ ሲመርቁ የፀረ ተባይ መድኃኒት እየመረቁልኝ ነበር?»

«እኔ የመረቅሁት ስብሰባውን ነው።»

«እንግዲያው ውሃውንም እርስዎ ይጠጡት!»

በማግስቱ ወረዳ ወጣሁ። ባለሙያው አክብሮ አስቀመጠኝ።

«አባባ፣ ሰው ፊት መርቀዋል። አልተቀበልኩም የሚሉ ከሆነም በሚቀጥለው ስብሰባ ሰው ፊት ይበሉ።»

አንዴ ከአፌ የወጣ ቃል መልሼ አላውቅም። ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ግን ተነሣሁ።

«ያን ቀን ሰነዱን ሳላነብ ነው የመረቅሁት። ጉድጓዱ ካርታው ላይ ይግባ፤ ቦዩም ይዙር።»

«ሳያነቡ? እርስዎ?» አለ ከኋላ አንዱ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅሁ።

ባለሙያው ከስብሰባው ተነሥቶ ጉድጓዱ ድረስ ወረደና በሜትር ለካ። ጎረቤቴ ቆማ አየችው። ቦዩ አሁን በማዶ በኩል ያልፋል። ሰነዱ ውስጥ ስለ ጉድጓዱ የሚናገረው አንቀጽ የእኔ ነው፤ እኔ እየነገርኩት ነው ባለሙያው የጻፈው።