ሳይለካ የተሸፈነው መስመር

ፖሊስ ልሆን ነው ስል እናቴ ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። በአራተኛው ቀን «ቁመትሽ አይበቃም» አለችኝ፤ የቀራት ተስፋ እሱ ብቻ ነበር። ቁመቴ በቃ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቴ፣ የቀበሌው የድጋፍ ደብዳቤ፣ የሐኪም ምርመራው ሁሉ ተሟላ፤ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ሰዓት ያስሮጡንን ሩጫም አለፍኩ። አሁን የሰፈር ልጆች እንዴት እንደሚገባ ሲጠይቁኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ። ማስታወቂያ ሲወጣ ተመዝገቡ፣ ማሠልጠኛ ግቡ፣ ከዚያ ጥቂት ዓመት መንገድ ላይ ቆማችሁ መኪና አስተናግዱ። ሥራችሁ ከታየ ለአደጋ ምርመራ ኮርስ ትላካላችሁ። እኔም የሄድኩት በዚሁ መንገድ ነው።

የአደጋ መርማሪ ዋና ሥራው ፕላን ማንሳት ነው። መኪናው የት ቆመ፣ ሰውየው የት ወደቀ፣ ጎማው ፍሬን ሲይዝ ከየት ጀምሮ የት ድረስ መሬቱን ፋቀ፤ ይህን ሁሉ በሜትር ለክቶ ወረቀት ላይ ያሰፍራል። አፍ ይዋሻል፤ ፍርድ ቤት የሚያምነው ወረቀቱን ነው። በኮርሱ አንደኛ ወጣሁ። ይህን የምለው ለጉራ ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጎርርበት ነገር የለኝም።

የምርመራ ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር፣ ቀትር ላይ፣ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ የጫት መኪና ሰው ገጨ ተባለ። የጫት መኪና እንዴት እንደሚበር ለድሬዳዋ ሰው አልነግርም። አለቃዬ፣ ፀጉሩ የሸበተ ሳጅን፣ ሌላ አደጋ ላይ ስለነበር ብቻዬን ሄድኩ።

የተገጨው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ወጣት ነው፤ የከሰዓት ፈረቃ ሰርቪስ እየጠበቀ ነበር። ሰዎች በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ወስደውታል፤ መንገድ ላይ ግን ሞቷል። እኔ ስደርስ የቀረው ሾፌሩ አስፋልቱ ላይ መልሶ ያቆመው መኪና፣ ደሙና የጎማው መስመር ነበር። ሾፌሩ «ዘሎ ገባብኝ» ይላል፤ አብረውት የነበሩትም «አዎ» ይላሉ። መስመሩ ግን ከአስፋልቱ ወጥቶ፣ ሰው ሰርቪስ የሚጠብቅበትን አፈር አርሶ ልጁ እስከቆመበት ደርሷል። ልጁ አልዘለለም፤ ያለበት ድረስ መጥተው ነው የገደሉት። በዓይኔ አየሁት።

ሜትሩን ልዘረጋ ስል እናትየው ደረሰች። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት ናት፤ ከእሱ ሌላ ልጅ የላትም። አልጮኸችም። ደሙ አጠገብ ቁጭ አለችና ቀና ብላ አየችኝ።

«አቦ ልጄ፣ ዝንብ ወረረው እኮ። ላልብሰው።»

እኛ ዘንድ ደም ሜዳ ላይ ተገልጦ አይተውም፤ እስላሙም ክርስቲያኑም አፈር ያለብሰዋል። «አምስት ደቂቃ ታገሺኝ» ማለት ነበረብኝ፤ የተማርኩት ይህንን ነው።

«አልብሺው፣ እናቴ» አልኳት።

ደሙን ብቻ መስሎኝ ወደ ሾፌሩ ዞሬ መንጃ ፈቃዱን መመዝገብ ጀመርኩ። እሷ ከመንገዱ ዳር ከተከመረ የግንባታ አሸዋ በሻርፗ እያፈሰች ታመላልሳለች። ሌሎች ሴቶችም አገዟት። ስመለስ ዳሩ በሙሉ አሸዋ ለብሷል፣ በእግር ተረግጧል፤ እሷ በመዳፏ እያለሰለሰችው ነው። አስፋልት ቢሆን ይጠረግ ነበር፤ አፈር ላይ ያለ መስመር ግን አንዴ ከተረገጠ ተመልሶ አይገኝም።

ሳጅኑ ሲመጣ አሸዋውን አየ፣ እኔን አየ።

«ለክተሻል?»

«አይቻለሁ።»

«ያየሽውን አልጠየቅኩሽም» አለኝ።

ቢሮ ተመልሼ ፕላኑን መሥራት ጀመርኩ። መስመሩን ከነመጣመሙ አስታውሰዋለሁ፤ ብስለውም የሚያውቅብኝ አልነበረም። ግን ስንት ሜትር ልበል? ቁጥሩን ከየት ላምጣ? ዛሬ ለእውነት ብዬ የፈጠርኩትን ነገ ለምን እንደምፈጥረው ማን ያውቃል? ቦታውን ባዶ ትቼ ፈረምኩ። ትክክል እንደሠራሁ እስከ ዛሬ እርግጠኛ አይደለሁም፤ አንዳንድ ቀን ራሴን ደደብ ብዬ እሰድባለሁ።

ፍርድ ቤት ያየሁትን ተናገርኩ። የሾፌሩ ጠበቃ የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «መስመሩ ስንት ሜትር ነበር?» «አልለካሁትም» አልኩ። ሾፌሩ በነፃ ተለቀቀ።

በሳምንቱ እናትየው ቢሮ መጣች። ሳጅኑም ነበር። ወንበር ብሰጣት አልቀመጥ አለች።

«አንቺ አይተሻል። ዳር ድረስ መጥቶ እንደገደለብኝ አይተሻል። ታዲያ እንዴት ለቀቁት?»

«ማስረጃው ጠፋ፣ እናቴ።»

«ማን አጠፋው?»

እጆቿን አየሁ፤ ሽንኩርት ያጠቆራቸው፣ ጥፍራቸው የተሰነጠቀ እጆች። የሚበዛው ጥፋት የእኔ ነው፤ ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ግን እንዴት እንደጠፋ ከነገርኳት የራሷን እጅ እነግራታለሁ። ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ውስጤ ሲነቅዝ ተሰማኝ።

ከዚያ ቀስ ብላ «ስንት ሰጠሽ?» አለችኝ።

ሳጅኑ ሊናገር አፉን ሲከፍት በዓይኔ ለመንኩት፤ መልሶ ዘጋው።

«ወላሂ፣ ያን ቀን ሰው መስለሽኝ ነበር» አለችና ወጣች።

ያን ዕለት ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ከዚያ ወዲህ ቀፊራ ውስጥ ከሾፌር ጉቦ የበላችው ፖሊስ እኔ ነኝ። ሳልፍ ይጠቋቆሙብኛል፤ አንዳንዷም ምራቋን ትተፋለች። ይበሉኝ። እሷ ለልጇ መጨረሻ ያደረገችለት ነገር በእጇ አሸዋ አፍሳ ደሙን ማልበሷ ነው፤ እሱን አልቀማትም።