ጉደታ ጎሚስታው እና የጥቅምት ገና

ሮጬ ገብቼ በሩን ቀርቅሬዋለሁ። ትንፋሼ ገና አልተመለሰም። አንድ ጫማዬ ሜዳው ላይ ቀርቷል፣ ማን እንደሚያነሳው እንጃ። ቅድም፣ ሩብ ሰዓት እንኳን አልሆነውም፣ ግራዝማች ወልደሰንበትን በኳስ መትቼ ከበቅሏቸው ላይ ጣልኳቸው።

ሆን ብዬ አይደለም። ሆን ብዬ ቢሆንማ እስታቸው ነበር። ኳሱ ያገኘው ባርኔጣቸውን ነው። ባርኔጣው በረረ፣ በቅሎዋ ደነገጠች፣ እሳቸው ደሞ ቀስ ብለው እንደ ጤፍ ጆንያ ወደ ቦዩ ተንሸራተቱ። አልተጎዱም። ግን ልክ ያን ሰዓት የሳጉሬ አውቶቡስ ቆሞ ሰው ያራግፍ ስለነበር አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሰው ሳቀ። ሹፌሩ ጭራሽ ጡሩምባ ነፋ። እኔን የሚያስፈራኝ ኳሱ አይደለም፣ ሳቁ ነው። ጌታ ሰው ቢቆስል ይድናል፣ ቦይ ውስጥ ሆኖ ከተሳቀበት ግን አይድንም።

ተስፋነሽ ጉደታ እባላለሁ፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ወድቄ ቤት ከዋልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ፣ ስለዚህ ፊደል ብስት አትፍረዱብኝ። አባቴ ጎማ ለጣፊ ነው። ሱቁም፣ ከኋላው ያለው ቤታችንም፣ የቆሙት በግራዝማች ቦታ ላይ ነው። እሳቸው «ውጣ» ካሉ እንወጣለን፣ ነገሩ ይኸው ነው። ንጉሡ ከወረዱ ዛሬ ወር ሞላቸው፣ ከተማው ሁሉ «ከእንግዲህ ጌታ የሚባል የለም» እያለ ያወራል። ግራዝማች ግን ወሬውን የሰሙ አይመስለኝም።

የአባባ ጓደኞች፣ ጋሽ ተክለወልድ ልብስ ሰፊውና ጋሽ ሁሴኖ ባለሱቁ፣ ለሽምግልና ሄደውልናል። እስኪመለሱ ዝም ብዬ ብቀመጥ ልቤ ሊፈርስ ነው። ስለዚህ ስለ አባባ እጽፋለሁ። ነገ ሰው ሌላ ሌላ ከማውራቱ በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አንድ ቦታ ተጽፎ ይቀመጥ።

አሰላ ውስጥ ጉደታ ብላችሁ ብትጠይቁ ማንም አያውቀውም። «ቤዝቦል የት ነው?» ካላችሁ ግን ውሻም ያሳያችኋል።

ነገሩ የጀመረው ከስድስት ዓመት በፊት ነው። ሚስተር ሮይ የሚባል የሰላም ጓድ አስተማሪ ከኛ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራየ። የሞተር ብስክሌቱ ጎማ በየሳምንቱ ይተነፍሳል፣ አባባ ይለጥፍለታል፣ እሱ ደሞ አናቱ ላይ ቆሞ ስለ ቤዝቦል ያወራለታል። አባባ እንግሊዝኛ አይችልም። የሮይ አማርኛ «እንደምን አደሩ» ብቻ ነበር፣ እሱንም የሚለው ማታ ማታ ነው። እንዴት እንደተግባቡ እግዜር ይወቀው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ወዳገሩ ሲሄድ ለአባባ ሬዲዮውንና ቀይ ፊደል ያለበት ሰማያዊ ቆብ ሰጠው።

ከዛን ቀን ጀምሮ አባባ ደጋፊ ነው። የማን ደጋፊ? እሱን አያውቅም። የቆቡ። የቡድኑን ስም ሮይ ነግሮት ነበር፣ አባባ ረሳው። በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የአሜሪካኖቹ ትልቁ ውድድር ሲደርስ የሬዲዮኑን አንቴና በሽቦ ከቆርቆሮው ጋር አስሮ፣ ቆቡን አጥልቆ ይቀመጣል። አንድም ቃል አይገባውም። ሬዲዮኑ ውስጥ ሕዝቡ ሲጮህ ግን ብድግ ብሎ «አገባን!» ይላል።

«ወንድሜ፣» ይለዋል ጋሽ ተክለወልድ፣ «የጮኸው የተቃራኒ ደጋፊ ቢሆንስ?»

«የኔ ሰዎች ጩኸት ሌላ ነው። እለየዋለሁ።»

«በአራት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳን አልተሸነፋችሁም?»

«አልተሸነፍንም።»

«አቤት! ጃንሆይ እንኳን እንዲህ አልቀናቸው።»

ውድድሩ የሚጀመር ሰሞን አባባ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቁን ይዘጋና አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ ያጫውተናል። አራት ያለቁ ጎማዎች በአራት ማዕዘን ያስቀምጣል። መትቶ ጎማ ለጎማ ሮጦ የዞረ አገባ ማለት ነው። ኳሱን የሚሠራው ራሱ ነው፣ ጎማ ውስጥ የሚገባውን ከመነዳሪ በቀጭን በቀጭኑ ቆርጦ ጨርቅ ላይ ይጠመጥመዋል። ዱላው የገና ዱላ ነው፣ ቆልማማውን ጫፍ በመጥረቢያ አስወግዶታል። ሕጉን ግማሹን ሮይ አስተማረ፣ ግማሹን አባባ ከራሱ ጨመረበት። ለምሳሌ ጎማ ውስጥ የቆመን ሰው ማንም መንካት አይችልም። አምና ጋሽ ሁሴኖ አንዱ ጎማ ውስጥ ገብቶ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት አልወጣም አለ። ደንበኛው እዛው ድረስ መጥቶ የሱቁን ቁልፍ ለመነው።

ዛሬም እንደ ልማዳቸው ጨዋታው ሳይሞቅ ስለ ልጅ ማሳደግ ተጣሉ። የጀመረው ጋሽ ተክለወልድ ነው።

«ጉደታ፣ ይቺን ኮረዳ ዱላ አስይዘህ ታስሮጣታለህ። ዱላ ለልጅ የሚሰጠው በእጁ አይደለም፣ በጀርባው ነው!»

«የአንተ ሦስቱም አዲስ አበባ ጠፍተው ሄዱ አይደል? በጀርባቸው የሰጠሃቸውን ይዘውት ነው የሄዱት?»

«ጨዋ ሆነው ነው የጠፉት!»

«ሁለታችሁም አታውቁበትም፣» አለ ጋሽ ሁሴኖ ኳሱን በሽርጡ እየጠረገ። «እኔ አልመታም፣ አልጮህም። ልጄ ሲያጠፋ ሱቅ አስገብቼ ክብሪት አስቆጥረዋለሁ። አንድ ካርቶን ሙሉ። ፓኬቱን አይደለም፣ እንጨቷን።»

«ከዛስ?»

«ከዛማ ከመቁጠር ብትገርፈኝ ይሻላል ብሎ ያለቅሳል። እኔ ግን አልገርፍም፣ መሐሪ ነኝ።»

ከዛ ልጅነታቸው ተነሳ። ይሄን ሦስቱም ሲወዱት! ማን የበለጠ እንደተቀጣ ይፎካከራሉ።

«እኔን እናቴ ነፍሷን ይማረውና ብርድ ልብስ ውስጥ ከታ በበርበሬ አጥናኛለች፣» አለ ጋሽ ተክለወልድ። «እስከዛሬ በርበሬ ሲሸተኝ ትናፍቀኛለች።»

«እኔን አጎቴ በሳማ ለብልቦኝ፣» አለ ጋሽ ሁሴኖ፣ «መልሶ ራሱ ቅቤ ቀባኝ። ቅቤውን ደሞ ከምሳዬ ቀነሰው።»

«ደጉ ዘመን!»

«ወላሂ፣ ደጉ ዘመን!»

የአባባ አንድ ናት፣ ሁሌም እሷኑ ነው የሚያወራው። ሳጉሬ ነው ያደገው። ዘጠኝ ዓመቱ ላይ የባላባት እሸት ገብስ ሲበላ ተያዘ። ባላባቱ አያቴን ጠርተው «እዚሁ ደጄ ላይ ግረፈው» አሉት። አያቴ ይገርፋል፣ እየገረፈ ያለቅሳል። አባባ ደሞ ከታች ሆኖ «አይዞህ አባ፣ አላመመኝም» እያለ ያባብለዋል። አባባ የሁለቱንም ድምፅ እያስመሰለ ሲያወራት ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። እኔም እየሳቅኩ ነው ያደግኩት። አንድ ቀን ግን እናቴ ከበደች ለብቻዬ «ከዛን ቀን በኋላ አያትሽ ልጁን ቀና ብሎ አይቶት አያውቅም» አለችኝ። ከዛ ወዲህ አልስቅም። አባባ ስድስታችንንም አንድ ቀን እጁን አንስቶብን አያውቅም።

ወሬው እንዳለቀ ተራዬ ደረሰ። ጋሽ ሁሴኖ ወረወረ፣ መታሁት። በሕይወቴ እንደዛ መትቼ አላውቅም። ሁለተኛው ጎማ ላይ ስደርስ ትልቅ ጩኸት ሰማሁ። አባባ ቆቡን ወደ ሰማይ ወርውሮ «አገባን!» አለ። ከዛ ቦዩን አየው።

*

እዚህ ላይ አቁሜ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጥተው፣ አሁን ሄዱ።

እንደነገሩን ከሆነ ጋሽ ተክለወልድ ግራዝማች ፊት ዱላውን ይዞ ቀረበና እንዲህ አለ፦ «ጌታዬ፣ እርስዎ ያውቃሉ፣ አባቶቻችን በገና ጨዋታ አይቆጣም ጌታ ብለዋል። ልጅቷ ገና ስትጫወት ነው። ይኸው፣ የገና ዱላ።»

«የምን ገና? ዛሬ ጥቅምት ሁለት አይደለም እንዴ? ደሞ የዚህ ዱላ ቆልማማው የት ሄደ?»

«የአሜሪካ ገና ነው፣» ብሎ ገባ ጋሽ ሁሴኖ። «አሜሪካ ሲደርስ ተቃና።»

«በጥቅምት?»

«የፈረንጅ ገና ቀድሞ እንደሚገባ ያውቃሉ።»

«ሦስት ወር ቀድሞ?»

«አገሩ ሩቅ ነው ጌታዬ። በጊዜ ካልጀመሩት አይደርስም።»

«አንተ እስላሙ ነህ ስለ ገና የምታስተምረኝ?»

«የገናውን ዘይትና ቅመም ሁሉም ከኔ ነው የሚገዛው። ከኔ በላይ ገናን የሚያውቅ ማን አለ?»

ግራዝማች ትንሽ ፈገግ አሉ አሉ። የኛዎቹ ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰላቸው። እሳቸው ግን ጋቢያቸውን አስተካክለው «መልካም። ገና ከሆነ አልቆጣም። ይኸው፣ አልተቆጣሁም» አሉ። «ነገ ከቅዳሴ መልስ ሰው በተሰበሰበበት አባቷ ደጄ ላይ ሃያ ይግረፋት። እኔ አልቆጣም፣ እሱ ይቆጣልኝ። እምቢ ካለ ጎማውን ለቅሞ ቦታዬን ይልቀቅ።»

ጋሽ ሁሴኖ ነጋዴ ነው፣ የመጀመሪያ ዋጋ ሰምቶ አይሄድም። ሦስት ብሎ ጀመረ። እሳቸው አሥራ ስምንት አሉ። እሱ አምስት አለ፣ ልጅቷ ከሲታ ናት፣ ብዙ ቦታ የላትም አለ። ተነስቶ የሚሄድ መስሎ በር ድረስ ሁለቴ ወጣ። በመጨረሻ ፊቱ በርቶ ሱቃችን ገባ።

«ጉደታ፣ ሰባት አድርሼልሃለሁ! ከሃያ ወደ ሰባት! ከዚህ በታች ወላሂ አይሆንም አሉ። ደሞ በጅራፍ አይደለም፣ በልምጭ ነው።»

አባባ ጎማ እየሞረደ ነበር። ሞረዱን አስቀመጠ።

«አኒ ሂን ሩኩቱ፣» አለ። አልመታም ማለቱ ነው። አባባ ኦሮምኛ ከጀመረ ነገሩ አልቋል፣ አማርኛ ለድርድር ነው።

አሁን ጋሽ ተክለወልድ «እኔስ ምን አልኩ፣ በጊዜ ብትገርፋት ኖሮ» ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን መርፌውን ከኮቱ ነቅሎ መልሶ እየሰካ ቆየና «እኔ ልግረፍልህ» አለ። «ድምፁ እስከ ገበያ የሚሰማ፣ ሕመም ግን የሌለው አመታት አለ። ቀበቶውን ለሁለት አጥፎ ማጮህ ነው። የኔዎቹን እንደዛ ነበር...»

ጋሽ ሁሴኖ አፈጠጠበት።

«እንደዛ ነበር? አንተ ውሸታም! ሃያ ዓመት ሙሉ ሰፈሩን በቀበቶህ ስታስፈራራ!»

«ሰው ፊት አታንሳው ባክህ።»

«ታዲያ ልጆቹ ከምኑ ነው የጠፉት?»

«ከጩኸቱ ይሆናላ!»

እኔ ከበሩ ጀርባ ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ፣ ስለዚህ ወጣሁ። «አባባ፣ ሰባት እችላለሁ» አልኩት። «ሚኒስትሪ ስወድቅ እማዬ ከሰባት በላይ ቆንጥጣኛለች።»

«አምስት ነው!» አለች እናቴ ከጓዳ።

አባባ አልሳቀም። «አንቺ ትችያለሽ፣ አውቃለሁ» አለኝ። «እኔም ችዬ ነበር። ያልቻለው አባቴ ነው።»

ከዛ አባባ ነገ ባዶ እጁን እንደሚሄድ ተናገረ። ኳሱን የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋተኛው እኔ ነኝ፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ልጄን ግን አልነካም እላለሁ አለ።

«ያስወጡሃል፣» አለ ጋሽ ሁሴኖ።

«ያስወጡኝ። ጎማ የሌለበት አገር የለም።»

«አርቦዬ ሂድ፣ ዘመድ አለኝ።»

«አርቦዬ ስንት መኪና ይገባል?» አለ ጋሽ ተክለወልድ። «ዴራ ነው የሚሻለው፣ ቆላ ነው። እሾህ አለ፣ ጎማ ይበሳል። እግዜር ለጎሚስታ ብሎ የፈጠረው አገር ነው።»

«ዴራ ሙቀት ነው፣ ማጣበቂያው ይቀልጥበታል!»

እንዲህ እየተጨቃጨቁ ወጡ። በሩ ላይ ሁለቱም ዞረው አባባን አዩት፣ አባባም አያቸው፣ ደህና ሁን የተባባለ የለም።

እናቴ ድስቶቹን በጨርቅ መጠቅለል ጀምራለች። ይሄ ነው ከሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ። አባባ አጠገቧ ተቀምጦ ገመድ ይፈታታል።

እኔ የማስበው ሌላ ነው። ነገ ሳይነቁ ተነስቼ፣ አንገቴ ላይ ድንጋይ ተሸክሜ፣ ብቻዬን ሄጄ ግራዝማች እግር ላይ ብወድቅ ይምሩኝ ይሆናል። ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው እንደዛ ነው። ግን አባባ እዛ ደጅ ላይ ተደፍቼ ቢያየኝስ? ያን ያህል የሸሸውን እኔው ራሴ አምጥቼ ዓይኑ ፊት ላደርግለት ነው? ደሞ ባልሄድ፣ ስድስት ልጅ ይዘን የት ነው የምናድረው?

ሁለቱንም አሰብኩ፣ ሁለቱንም ፈራሁ። ነገ ምን እንደሚሆን አላውቅም።