እንጉዳዬን የበላው የፋሲካ በግ

ያን ዓመት ለዐቢይ ጾም የመካኒሳን ሕዝብ በሙሉ እንጉዳይ ላጠግብ ፎከርኩ። ለሚስቴማ «ከሥጋ አትለዪውም» ብዬ ማልኩላት። እንጉዳይ የሚዘራበት ገለባ ላይ የባሕር ሣር ከተጨመረ እንጉዳዩ ጃንጥላ ያክላል ሲባል ሰምቼ፣ ሹፌሩን ወንድሟን ከአሰብ ጆንያ ሙሉ አስጫንኩት። እኔ ሊቁ ግን ጨዉን ሳላጥብ ከገለባው ጋር ደባልቄ፣ በየከረጢቱ ሞልቼ ዘሩን ዘራሁበት። ጾሙ ሲጋመስ እንኳን ጃንጥላ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክልም አልበቀለች። የጎረቤታችን የፋሲካ በግ ግን ጨዉ ሸቶት ገመዱን በጠሰና ከረጢቶቹን ቀዶ ገለባውን ሙልጭ አደረገው።

ባለበጓ እትዬ በጉን ፍለጋ መጥተው ጎኑን ዳበስ አደረጉና፣ «አንተዬ፣ ከዚህ መኖ የተረፈህ አለ?» አሉኝ።

በፋሲካ አንድ ሳህን ጥብስ ላኩልን። ሚስቴ ጎረሰችና፣ «እውነትህን ነው፤ እንጉዳይህ ከሥጋ አይለይም!» አለችኝ።