ድዴ እስኪድን

ልጄ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ሰሞኑን በስልኳ ካሜራ አፏን እየከፈተች ስታይ ትውላለች። ቁንጅናዋን የምትመለከት መስሎኝ ዝም ብያት ነበር፤ በኋላ ግን ስትስቅ አፏን በሹራቧ እጅጌ መሸፈን ስትጀምር ነገሩን ጠረጠርኩና ጥርስ ሐኪም ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ወጣቷ ሐኪም ከንፈሯን ገለጥ ብታደርገው፣ ከሁለቱ የፊት ጥርሶቿ መሀል፣ ድዷ ላይ፣ ሽምብራ የምታህል ቀይ እብጠት ቁጭ ብላለች። በጥጥ ነካ ስታደርጋት ደማች። ጥጡ ላይ የነበረው መድኃኒት ቅርንፉድ ቅርንፉድ ይሸታል። ሐኪሟ ለልጄ «አይዞሽ፣ በዚህ ዕድሜ የሚመጣ ነው፣ ክፉ ነገር አይደለም» ስትላት፣ እኔ እናትየዋ እንባዬ መጣ። የደነገጥኩ መስሏት እኔንም ታጽናናኝ ጀመር። እንዴት ብዬ ልንገራት፤ አባቴ ናፍቆኝ ነበር።

እኔም በዚያው ዕድሜ፣ እዚሁ አሰላ፣ ድዴ ላይ እዚያው ቦታ እንዲሁ ያለች እብጠት ወጥታብኝ ነበር። ስትነካ ስለምትደማ ጥርሴን መፋቅ ተውኩ፤ መፋቁን ስተው ደግሞ እሷ ይብስ እያበጠች ሄደች። ክፍል ውስጥ ስሜ ሲጠራ «አቤት» የምለው በከንፈሬ ጫፍ ሆነ። እናቴ አስተማሪ ስለነበረች ወሬው ከክፍል ጓደኞቼ ደረሳት፤ እሷ ካወቀች በኋላ አፌን ያላየ የግቢ ሰው አልቀረም። ወተት የሚያመጡልን ጎረቤታችን አዴ ፋጡማም አገጬን ያዝ አድርገው ተመለከቱኝና የራሳቸውን ከንፈር ወደ ላይ ሰብስበው እንደ ከሰል የጠቆረ ድዳቸውን አሳዩን። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛ ኮረዳ ሳለን ድዳችንን ተነቅሰን አይደል እንዲህ የጠነከርነው? በመርፌና በጥላሸት ነው። አንድ ቀን ታለቅሺና ዕድሜ ልክሽን ትስቂያለሽ» አሉኝ።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና «አዴ ፋጡማ፣ እርስዎ ያሉት አይጠፋም፤ ግን አስቀድሜ ለሐኪም ላሳያት» አላቸው። አልተቀየሙም። «እሺ፣ ሐኪሙ ካቃተው መርፌው እኔ ጋ አለ» ብለው ጣሳቸውን ይዘው ሄዱ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ወተት በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር እደበቅ ነበር።

በማግስቱ ከአባቴ ጋር ጋሪ ተሳፍረን ሐኪም ቤት ሄድን። ሐኪሙ፣ ዕድሜዋ ያመጣው ነው፣ አፏ ሲቆሽሽ ደግሞ ብሶባታል፤ ቢደማም ሳትፈራ በደንብ ትቦርሽ፣ በጨው ውሃ ትጉመጥመጥ፣ ካልጠፋ እንቆርጠዋለን አለ። እናቴ የጠዋት ፈረቃ ታስተምር ስለነበር ከሁላችን በፊት ትወጣለች፤ ስለዚህ እኔን ጠዋት ጠዋት ማስቦረሹ ለአባቴ ደረሰው።

አባቴ ከመንዝ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ንግግር የሚያልቅበት ይመስል የሚቆጥብ ሰው። እስከዚያ ዕድሜዬ ድረስ ከእሱ የምሰማው «በላሽ?» እና «አጠናሽ?» ብቻ ነበር። ግቢያችን ውስጥ ካለው ቧንቧ አጠገብ ግን፣ ጥቅምት ላይ፣ ከጭላሎ ተራራ የወረደው ብርድ ጆሮ በሚቆርጥበት፣ ንፋሱ ሲዞር ከብቅል ፋብሪካው የገብስ ሽታ በሚመጣበት በዚያ ጠዋት፣ እኔ በአዲሱ ቡርሼ፣ እሱ በወይራ መፋቂያው ጎን ለጎን ቆመን ስንታገል፣ መፋቂያው ምላሱን የፈታለት ይመስል ማውራት ጀመረ። በመጀመሪያ ደመወዙ የገዛው ጫማ ጠቦት ሳለ ሰው እንዳይስቅበት ብሎ ዓመት ሙሉ እያነከሰ እንደሄደበት ነገረኝ። ለእናቴ የጻፈውን የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ የእጅ ጽሑፉ አስጠልቶት ለመሥሪያ ቤቱ ታይፒስት ሰጥቶ አስመትቶ፣ እናቴ ከማንበቧ በፊት ቢሮው በሙሉ በቃሉ እንደያዘው ነገረኝ። አፋችን በአረፋና በምራቅ ተሞልቶ ስንስቅ አንዳንዴ ውሃው ትን ይለን ነበር። ለወራት አፏን ሸፍና የኖረች ልጅ፣ ደም የነካው ጥርሷን ገልጣ የምትስቅበት አንድ ሰው አገኘች። ማታ የምተኛው ቶሎ እንዲነጋልኝ ብዬ ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መስኮት ሥር ልብስ ሳሰጣ አባቴ ለእናቴ ሲነግራት ሰማሁ። ወደ ሮቤ ተዛውሯል፤ ደብዳቤው ከደረሰው ሰንብቷል። እናቴ ሥራዋም የእኔም ትምህርት አሰላ ስለሆነ የሚሄደው ብቻውን ነው። «አለቆቼን የልጅቷ ድድ እስኪድን ታገሡኝ ብያቸዋለሁ። ስትድን እሄዳለሁ» አላት። እጄ ላይ የነበረውን እርጥብ አንሶላ ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ሮጬ መስታወት ፊት ሄድኩና ከንፈሬን ገለጥኩ። እብጠቷ ከሽምብራ ወደ ምስር ወርዳለች።

የዚያን ቀን መዳንን ፈራሁ። ብድን አባቴን አጣለሁ፤ ሌላ ትርጉም አልነበረውም። ከማግስቱ ጀምሮ አባቴ ወደ ቧንቧው ከመምጣቱ በፊት እየወጣሁ፣ እሱ ፍቆ የጣለውን የወይራ እንጨት አንስቼ፣ ጫፉን ሰንጥቄ አሹዬ፣ ድዴን እወጋው ጀመር። ያማል፣ ዓይኔን ጨፍኜ እወጋዋለሁ። አባቴ ሲመጣ ቀይ ምራቅ እተፋለሁ። «አሁንም?» ይላል፣ ፊቱ ይጨማደዳል፤ ከዚያ አጠገቤ ቁጢጥ ይልና ሌላ ወሬ ያመጣልኛል። ሁለት ሳምንት እንዲህ አታለልኩት። እብጠቷም ታዛዥ ነበረች፣ ተመልሳ ሽምብራ አከለች። አባቴም ለአለቆቹ ሌላ ወር ለመናቸው።

አንድ ጠዋት ቀድሞኝ ተነስቶ ኖሮ፣ ከቤቱ ጓሮ ሲመጣ እንጨቱ እጄ ላይ፣ ደሙ አገጬ ላይ እያለ አገኘኝ። ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። ልብስ የምናጥብበት ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠና «ለምን?» አለኝ።

«ከዳንኩማ ትሄዳለህ» አልኩት።

ጋሪዎች በአጥሩ ማዶ እየተንገጫገጩ አለፉ። ከዚያ ውሃ በእፍኙ ቀድቶ፣ ብርዱ እስኪለቅ መዳፉ ውስጥ ያዝ አድርጎ፣ አፌንና አገጬን አጠበኝ። «እኔ የቀረሁት እንድትድኚልኝ ነበር» አለ በመጨረሻ። «እዚህ መሆኔ የሚያደማሽ ከሆነ ግን መሄድ አለብኝ ማለት ነው።» አለቀስኩ፣ ሁለተኛ አልነካውም ብዬ ማልኩ፣ ቡርሹን አንስቼ በደንብ እየቦረሽኩ አሳየሁት። አቀፈኝ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም።

በሳምንቱ ሰኞ በሚኒባስ ወደ ሮቤ ሄደ። ድዴ ማንም ሳይቆርጠው በአንድ ወር ውስጥ ዳነ፤ እንዲያ ስፈራው የነበረው መዳን ሲመጣ እብጠቷ የነበረችበትን ቦታ በምላሴ እየፈለግሁ አለቅስ ነበር። አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ አቧራውን አራግፎ ይገባና አፌን አስከፍቶ ያያል፣ «ጎሽ» ይላል፣ ይቀመጣል። ከዚያ «በላሽ?» እና «አጠናሽ?» ተመልሰው መጡ። እሁድ ጠዋት ደክሞት ይተኛል፤ እኔም እሱን የምቀሰቅስበት ምክንያት አልነበረኝም። ስንት ጊዜ በሩ ላይ ቆሜ ትንፋሹን አዳምጬ፣ ብቻዬን ወደ ቧንቧው እንደሄድኩ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። ጡረታ ወጥቶ አሰላ ተመለሰ፣ ዳረኝ፣ ልጄን አቀፈልኝ፤ ጥሩ አባት ነበር፣ ዝምተኛ ጥሩ አባት። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለዚያ ጠዋት አንድም ቀን አላነሳንም። እኔ አፈርኩ፣ እሱ ምን እንዳሰበ ግን አላውቅም። ሲሞት ድንኳን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ለቀስተኞች ሁሉ «አይዞሽ፣ ዕድሜውን ጠግቦ ነው» እያሉ አጽናኑኝ። እሱስ ጠግቦ ይሆናል፤ እኔ ግን አባቴን አልጠገብኩትም።